የአረንጓዴው መጽሐፍ መልስ

ደብዳቤ የጻፈ ሰው እንቅልፍ የለውም ይላሉ፤ መልስ የሚጠብቅ ሰው ግን መቀመጫም የለው። መጽሐፍ ጠራዡ እነሆ አሥራ ሦስት ቀን ሙሉ እንደዚያ ነው። ይቀመጣል፣ ይነሳል። መርፌው ላይ ክር አግብቶ ያስቀምጥና ያንኑ መርፌ ክር ሊያገባበት መልሶ ይፈልገዋል። የጥረዛው ክፍል በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ነው። ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ እግር መካከል የአንዲትን ሴት ቡናማ ጫማ ሲፈልግ ይውላል።

የጫማው ባለቤት ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል የምትሠራ ወጣት ሐኪም ናት። የከተማው ዳኛ ልጅ። ከአራት ወር በፊት ጀርባው የተገነጠለ መጽሐፍ ይዛ ስትወርድ፣ ጠራዡ እጁ ሙጫ ስለነበረ ክርኑን ዘረጋላት። እሷም ሳቀችና ክርኑን ጨበጠችው። ነገሩ ከዚያ ጀመረ። በምሳ ሰዓቷ እየወረደች የተገለበጠ ሣጥን ላይ ትቀመጣለች፤ ያነበበችውን ታወራለታለች። እሱ ይሰፋል፤ ይሰማል። እሱ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልዘለቀም፤ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እሷ አንድ ገጽ ስትጨርስ እሱ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።

አንድ ቀን "አንተስ? በዕድሜህ ከሁሉ አብልጠህ የምትወደው መጽሐፍ የቱ ነው?" አለችው።

"አስቤ እነግርሻለሁ" አላት። እስከ ዛሬ እያሰበ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ደብዳቤውን የጻፈው። ዘጠኝ መስመር፣ አራት ምሽት ፈጀበት። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "መልስሽ እሺም ይሁን እምቢ፣ በጽሑፍ አድርጊልኝ። ፊትሽን እያየሁ እምቢ ስትይኝ መስማት አልችልም።" ጠግኖ በመለሰላት መጽሐፍ ሽፋን ሥር ሸጎጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናማው ጫማ በመስኮቱ በኩል ያልፋል እንጂ ደረጃውን አልወረደም።

አሥራ ሦስተኛው ቀን የዋለበት ሳምንት ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ "የዕድሜ ልክ መጽሐፍ" የሚሉት በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ሳምንት ነበር። አንባቢዎች በሕይወታቸው ከሁሉ አብልጠው የሚወዱትን የገዛ መጽሐፋቸውን ያመጣሉ። ምድር ቤት ወርዶ ይጠገናል፣ ዳር ዳሩ ይከረከማል፣ አርብ ለባለቤቱ ይመለሳል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቱ መጽሐፉን ታቅፎ በሰው ፊት ቆሞ ለምን እንደሚወደው ይናገራል።

ረቡዕ ጠዋት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሁለት ክንድ ሙሉ መጽሐፍ ታቅፋ ወረደች። አንባቢዎቹ በሌለችበት "እሜቴ ጸጥታ" ይሏታል፤ በአዳራሹ ውስጥ ዝንብ እንኳ ብትጮኽ "እሽሽ" ትላለችና። ወደ ታች የሚወርድ መጽሐፍ ሁሉ በእጇ ያልፋል፤ ሰው ረስቶ የተወውን ወረቀት እያራገፈች ታወጣለች።

"ልጄ፣ የሐኪሟም አለበት" አለችና አረንጓዴ ሽፋን ያለውን ለብቻው አስቀመጠችው። "እሷ ራሷ ልታወርደው ደረጃው ድረስ መጥታ ነበር። ከዚያ ምን እንደሆነች እንጃ፣ ለእኔ ሰጥታኝ ሄደች።"

"ምንም አላለችም፣ እትዬ?"

"'ለጠራዡ ይድረስልኝ፣ አደራ' አለች። ሌላ ምን ትበል?"

ኃላፊዋ እንደወጣች ጠራዡ መጽሐፉን ብድግ አደረገው። ሁለቱን ሽፋን ይዞ፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ አራገፈው። ምንም አልወደቀም። ደግሞ አራገፈው። አንድ የደረቀ የሙጫ ቅርፊት ወደቀ።

አጎቱ ከዳር ሆኖ ያየዋል። ሙያውን ያስተማረው እሱ ነው። ዓይኑ ደክሞ ስፌቱን ለወንድሙ ልጅ ቢተውም ምላሱ አልደከመም።

"ምን እያደረግህ ነው? ፍሬ የምታራግፍ ትመስላለህ።"

"አቧራ ነው።"

"አቧራ እንደዚህ አያስተክዝም።"

ጠራዡ ጀርባውን ሰጠው። አሥራ ሦስት ቀን አስጠብቃ፣ ደረጃው ድረስ መጥታ፣ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ ነፈገችው። ዝምታም መልስ ነው ብሎ አሰበ፤ የትልቅ ሰው ልጅ መልስ። የመጽሐፉን ዳር አየው። ብዙ ተነቦ ብዙ ተይዞ ተበልቷል፤ የጣት ስፋት ያህል መከርከም አለበት። ወደ ትልቁ መቁረጫ ወሰደው።

"ከመቁረጥህ በፊት ገልጠህ አየኸው?" አለ አጎቱ። በየመጽሐፉ ይጠይቃል፤ የሥራው ሕግ ነው። የታጠፈ ገጽ ይኖራል፣ ወደ ዳር የወጣ ጽሑፍ ይኖራል።

"አዎ" አለ ጠራዡ።

በሥራ ጉዳይ ለአጎቱ ሲዋሽ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ገልጦ ቢያይ እንባው ገጹ ላይ እንዳይወርድ ፈርቶ ነው። መያዣውን ተጭኖ ስለቱን አወረደው። ቁርጥራጩ እንደ ጭድ ጠረጴዛው ሥር ወደቀ፤ እሱም በእግሩ ገፍቶ ከሌላው ጋር ቀላቀለው። ልቡ ይቀለኛል ብሎ ነበር፤ ጭራሽ ከበደው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጠራዡ እንደ ወትሮው ከኋላ፣ ከደረጃው አፍ ላይ ቆመ። ሽርጡን አልፈታም። እሷን ላለማየት ወስኖ ነበር የወጣው፤ ዓይኑ ግን መጀመሪያ ያረፈው እሷ ላይ ነው። ሦስተኛው ረድፍ፣ ከግድግዳው ጠጋ ብላ። ፊት ለፊት፣ ከእንግዶቹ መሐል አባቷ ዳኛው ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸው እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለ።

መጀመሪያ የተነሳው የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የታቀፈው የካርታ መጽሐፍ ነበር። "የማልሄድበትን መንገድ ማታ ማታ እሄድበታለሁ" አለ። "ሚስቴ 'ቀኑን ሙሉ ነድተህ ደግሞ አልጋ ላይ ትነዳለህ?' ትለኛለች።" አዳራሹ ሳቀ፤ ኃላፊዋ "እሽሽ" አለች። ቀጥላ ጡረታ የወጣች ልብስ ሰፊ ተነሳች። የእሷ ልብ ወለድ የመጨረሻ ስምንት ገጾቹ የሉም። "ጠራዡ ፈልጌ ልሙላልሽ ቢለኝ በመድኃኔዓለም ተው አልኩት። ሠላሳ ዓመት በየጊዜው እንደፈለግሁ ነው የምጨርሰው። ሲከፋኝ እገድላቸዋለሁ፤ ደስ ሲለኝ እድራቸዋለሁ።"

ከዚያ ሐኪሟ ተነሳች።

አረንጓዴውን መጽሐፍ በሁለት እጇ ይዛለች። ድምጿ በሽተኛ እንደምታናግርበት ለስላሳ ነው።

"ይህ መጽሐፍ የእናቴ ነበር" አለች። "በአሥራ ሁለት ዓመቴ ታምሜ ስተኛ ሰጠችኝ። ስለ አንዲት የድልድይ ጠባቂ ነው። ሰውን ሁሉ ታሳልፋለች፤ እሷ ግን አንድም ቀን ተሻግራ አታውቅም። ባነበብኩት ቁጥር እናደድባታለሁ። ምናለ ብትሻገር? እላለሁ። ሰሞኑን የእኔ ተራ ደረሰ መሰለኝ።"

ትንፋሿን ሰበሰበች።

"ወረቀት ብሸጉጥበት እትዬ አራግፈው ያወጡብኛል። ስለዚህ መጽሐፉን አጋድሜ፣ በባዶው ዳር ላይ፣ በእርሳስ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ መስመር ጻፍኩ። አርባ ገጽ። ለአንድ ሰው ነው። ጠይቆኝ ነበር፤ መለስኩለት።"

የዳኛው ማጅራት ቀላ።

"እሱም መለሰልኝ። አንዲት ቃል አልጻፈም። የጻፍኩበትን ዳር ሁሉ፣ እኔ በጻፍኩበት ስፋት ልክ፣ በስለት ቆርጦ ላከልኝ።" መጽሐፉን ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳየች። "እዩት። በጣም ያማረ ሥራ ነው። ትናንት ማታ ሳየው አለቀስኩ፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ስሸሸው የነበረውን ወረቀት ፈረምኩ። ሰኞ ወደ ሩቅ ከተማ እሄዳለሁ፤ ሁለት ዓመት እዚያ እሠራለሁ። መጽሐፉን ግን አሁንም እወደዋለሁ። እሱ ምን አደረገ?"

ተቀመጠች። ሰው ያጨብጭብ ወይስ ይዘን ግራ ገባው።

ጠራዡ ከደረጃው አፍ ላይ የለም። ደረጃውን እንዴት እንደወረደ አያውቅም። ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይጮኻል፦ መለስኩለት፣ መለስኩለት።

"እሳት ተነሳ እንዴ?" አለ አጎቱ።

"አጎቴ፣ የረቡዕ ቁርጥራጭ የት ነው?"

"ከማክሰኞና ከሐሙስ ጋር ተጋብቶ ጆንያ ውስጥ ነው። ምን ፈልገህ ነው?"

"ገልጬ አላየሁትም። ያን ዕለት ዋሸሁህ። አንድም ገጽ ሳልገልጥ ነው የቆረጥኩት።"

ሽማግሌው መነጽሩን አወለቀ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የልጁን ፊት ሲያይ ዘጋው። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን በቂጡ ይዞ ወለሉ ላይ ዘረገፈው። "ፈልግ እንጂ! ምን ትገተራለህ?"

ሁለቱም ተንበረከኩ። ከነጭ ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ እንደ ጣት የቀጠነ አንድ ሰቅ፣ ረጅም የወረቀት ቅዳጅ፣ ወጣ። በርዝመቱ፣ በእርሳስ፣ ወደ ቀኝ የተጋደለ ጽሕፈት። የእሷ ነው። ሌላ ወጣ፤ ሌላ። ጠራዡ አላነበበም። እሱ ቀስ ብሎ አንባቢ ነው፤ እሷ ደግሞ ፈጥና ሂያጅ ናት። እፍኝ እፍኙን ሽርጡ ውስጥ ከተተና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ፍርሃቱ ከኋላው ሮጦ አልደረሰበትም።

ሲደርስ ሰው መነሳት ጀምሯል። እሷ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንግታ በሩ ጋ ደርሳለች።

"አንድ ሰው ቀርቷል!" አለ። የገዛ ድምፁ አስደነገጠው።

ኃላፊዋ ልማድ ሆኖባት ጣቷን ወደ ከንፈሯ አነሳች። "ልጄ፣ ምን ሆነሃል? ፊትህ ሁሉ ወረቀት ነው።"

"የምወደውን መጽሐፍ ልናገር ነው፣ እትዬ።"

ጣቷን አወረደች። ሰው መልሶ ተቀመጠ። ጠራዡ ሽርጡን በሁለት እጁ እንደ ዕቃ ተሸክሞ ፊት ለፊት ቆመ።

"እኔ… ጠራዥ ነኝ። ከታች።"

"አይሰማም!" አለ ሾፌሩ ከመሐል። "ማርሽ ጨምር!"

"ጠራዥ ነኝ! በእጄ ያላለፈ መጽሐፍ የለም፤ አንብቤ የጨረስኩት ግን ዘጠኝ ነው። አንድ ሰው የምወደውን መጽሐፍ ሲጠይቀኝ አፈርኩና ዝም አልኩ። ዛሬ ግን አወቅሁት። አላነበብኩትም። አርባ መስመር ነው። ደብዳቤ አለ ብዬ መጽሐፉን አራገፍኩት፤ ምንም ሳጣ ተናደድኩ። ጠራዥ ሆኜ መጽሐፍ ገልጬ አላየሁም። በገዛ እጄ ቆረጥኩት።" ሽርጡን ከፍ አደረገው። "ይኸው ነው። አላነብበውም፤ በሰው ፊት የሚነበብ አይደለም። መቁረጤ መልስ እንዳልነበረ ብቻ እሷ እንድታውቅ ነው። መልሼላት አላውቅም።"

ዓይኑን ወደ በሩ ለማንሳት ድፍረት አጣ። አንድ ሰቅ ከሽርጡ አምልጦ የዳኛው እግር ሥር ወደቀ። ዳኛው አነሱት፤ ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። የልጃቸውን ጽሕፈት ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋቸውም።

"አንተ ልጅ" አሉ። "ምን እንደሚል ታውቃለህ?"

"አላውቅም፣ ጌታዬ።"

"እምቢ የሚል ቢሆንስ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የወጣኸው እምቢታ ተሸክመህ ቢሆንስ?"

"እምቢዋም የእሷ ነው፣ ጌታዬ። መቁረጥ አልነበረብኝም።"

ዳኛው ሰቁን አላነበቡትም። በዝግታ፣ እንዳይሰበር እንደሚፈሩት ዕቃ፣ ሽርጡ ውስጥ መልሰው አስቀመጡት። ፊታቸው ላይ ቁጣው እንዳለ ነው፤ ከቁጣው ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ የትዳር ጓደኛው መጽሐፍ በሰው እጅ ሲከበር ያየ ሰው መልክ።

የጫማዋን ድምፅ ሰማ። ቡናማው ጫማ ከፊቱ ቆመ።

"አላየኸውም?" አለችው።

"አላየሁትም።"

"አንዲት መስመር እንኳ?"

"ባዶ መስሎኝ ነው። ተናድጄ ነበር።"

"እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ፣ የትኛው ቃል ነው ያስቀየመው እያልኩ…" ድምጿ ተሰበረ። ሳቋ ይሁን ልቅሶዋ አልታወቀም። "አንተ ሞኝ። አንተ የሞኝ መጨረሻ! ፈርሜያለሁ እኮ። ሁለት ዓመት ነው።"

"ሰምቻለሁ።"

"የሚመልሰው የለም።"

"መንገዱ የአንድ ቀን ነው!" አለ ሾፌሩ፤ ማንም ሳይጠይቀው። "በሳምንት ሁለቴ እሄዳለሁ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት!"

"እሽሽ!" አለች ኃላፊዋ፤ እሷ ግን መሐረቧን አውጥታ ነበር።

ዳኛው ኮታቸውን ቆለፉ። "ነገ ከሰዓት በኋላ ቤት ና" አሉት፤ ፍርድ እንደሚያነቡ። "ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው አለኝ፤ አብዛኛው ደስ አይልህም። ደግሞ እጅህን ታጥበህ ና።" ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ቀድመው ወደ በሩ ሄዱ።

እሷ ጥቂት ቀረች። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ "የመጨረሻዋን ፈልጋት" አለችው። "አርባኛዋን። ከሥሯ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። እሷን ሳታነብ እንዳትመጣ።" ሄደች። ትንፋሿ ጆሮው ላይ ቀረ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሽርጡን ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው። ከመስኮቱ የሚገባው የከሰዓት ብርሃን በሰቆቹ ላይ ተጋድሟል። እጁ እየቸኮለ፣ ዓይኑ እየዘገየ፣ አንድ በአንድ ያነሳል። "ክርንህን የጨበጥኩ ቀን ቀኑን ሙሉ እጄን አልታጠብኩም፤ ሐኪም ሆኜ።" አስቀመጠው። "ቀስ ብለህ ስታነብ ደስ ይለኛል፤ የምትቸኩልበት ነገር ያለህ አትመስልም።" አስቀመጠው። "አባቴን እኔም እፈራቸዋለሁ።" በሌላው ላይ እናቷ ነበረች፤ በሌላው ላይ የሆስፒታሉ ረጅም ኮሪደር። ሁሉም ላይ እሷ ነበረች፤ የተሰመረባት ግን የለችም። ጠረጴዛው ሥር አየ። ኪሱን ገለበጠ። ምድር ቤት ቀርታ ይሆን? ሲሮጥ ደረጃው ላይ ወድቃ ይሆን?

ሽርጡን ሲፈታ፣ ከማሰሪያው እጥፋት ውስጥ ወጣች። ሁለት ጊዜ ተሰምሮባታል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበባት፦

"እምቢ ለማለት አርባ ገጽ አያስፈልግም።"

ደግሞ አነበባት። ደስ አለው፤ ደስታው ግን አላሳረፈውም። እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ ጠላቱ መሰለው፤ ከዚያ ወዲያ ያለችው፣ እሷ የምትሄድባት ሰኞ ደግሞ ከሁሉ የባሰች። እስከዚያ ድረስ በልቡ ውስጥ የገባውን ይህን ሁሉ ነገር የት ያድርገው? ሰው ይህን ያህል ተደስቶ ይህን ያህል እንዴት ይፈራል?